እንግዳ የማያየው ቀለም

ፕላቶን ሹቢን «አድሚራል ሶሽኒኮቭ» በተባለችው የጦር መርከብ ሆድ ውስጥ፣ በእሳት ማጥፊያው ፓምፕ ክፍል፣ ከብረት መሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል። ሸሚዙ በአረቄ ርሷል፤ ከጎኑም ባዶ የቻይና አረቄ ጠርሙስ ተጋድሟል። ከላይ በወደቡ ማርሽ ባንዱ ጡሩምባውን ይሞክራል። የእኛና የቻይና የጦር መርከቦች ለጋራ ልምምድ እኩለ ቀን ላይ ከቭላዲቮስቶክ ሊነሡ ነውና ከተማው በባንዲራ አጊጧል። ሹቢን የሞተበት ቀን ለአለቆቹ ጨርሶ የማይመች ሆነ፤ ከሞቱ ይልቅ ያናደዳቸውም ይኸው ነበር።

ሹቢን የመርከቧ የእሳት መከላከያ ኃላፊ ነበር። መካከለኛ ማዕረግ ያለው፣ ከሲታ፣ ነገር የማይለቅ መኮንን ነው፤ በእኛ ባሕር ኃይል ነገር የማይለቅ ሰው ማዕረጉ ሁልጊዜ መካከለኛ ነው።

የልምምዱ አዛዥ አድሚራል ጎርቺሊን ወታደራዊ መርማሪዋን ሻለቃ ታይሲያ ማርኮቭና ኔቼቫን በስልክ አስጠራት። (ጎርቺሊንን «አንቱ» ልል ብል ምላሴ እምቢ አለኝ፤ አንባቢ ይታገሰኝ።) ያስጠራት እንድትመረምር ሳይሆን እንድትፈርም ነው። ታይሲያ ሽበቷን የማትቀባ፣ አጭርና ቀጭን ሴት ናት። ሰው ሲያናግራት ዐይኗን ትጨፍናለች። የማያውቋት እንቅልፍ የወሰዳት ይመስላቸውና ይለፈልፋሉ፤ በዚህ መንገድ ወኅኒ የወረደው ብዙ ነው።

መርከቧ ላይ ስትወጣ የቀለም ሽታ አፍንጫዋን መታው። በእኛ አገር የጦር መርከብ ሁለት ዓይነት ጥገና አላት፤ አንደኛው ጥገና ነው፣ ሁለተኛው ቀለም ነው። ቻይናዎቹ ሊመጡ ነው ከተባለ ጀምሮ «ሶሽኒኮቭ» ቀለም ስትለቀለቅ ሰንብታለች። እንግዳ የሚረግጠው ሁሉ፣ መወጣጫው፣ የላይኛው ወለል፣ እስከ መኮንኖች ሳሎን የሚወስደው መተላለፊያ፣ እንደ አዲስ ሳህን ያብረቀርቃል። የሳሎኑን በር አልፎ ሁለት እርምጃ የሄደ ሰው ግን ዝገት ይቀበለዋል። ቀለሙ ያቆመው የእንግዳ ዐይን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው፤ ወሰኑ በክር የተሠመረ ይመስላል።

የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ቫለሪያን ስቶጎቭ ከፓምፑ ክፍል መግቢያ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ግዙፍ ሰው ነው። ነጩ የክብር ልብሱ ሆዱ ላይ ተወጥሮ ቁልፎቹ ሊበጠሱ ደርሰዋል፤ እጅጌውም ከእጅ አንጓው ሸሽቷል። ይህን ሁሉ ሥጋ ይዞ ደረቱን ሲነፋ ማየት ያሳፍራል፤ እሱ ግን አላፈረም።

«ሰከረ፣ ተንሸራተተ፣ ሞተ» አለ። «ሦስት ቃል ነው፣ ጓድ ሻለቃ። ይጻፉትና እንገላገል።»

«ማን አገኘው?»

«የመርከበኞቹ አለቃ ኩድላይ። ጠዋት ገመድ ፍለጋ ወርዶ። መቼም ካነሡት፣ ትናንት እሱና ሹቢን ሰው ፊት ተናንቀው ነበር። እኔ ግን ማንንም አልጠረጥርም። ድንገተኛ አደጋ ነው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ኩድላይ አለልዎ» አለ ስቶጎቭ ትከሻውን ነቅንቆ። «ብቻ እኩለ ቀን ላይ እንሄዳለን።»

ታይሲያ መሰላሉን ወረደች። ከሟቹ አጠገብ በርከክ ብላ ሸሚዙን አሸተተች፤ አረቄው ያጥወለውላል። ከዚያ አፉን አሸተተች። አፉ ምንም አይሸትም። ከጭንቅላቱ ሥር ያለውን ወለል በባትሪ አየችው። እንዲህ የተሰበረ ጭንቅላት ብዙ መድማት ነበረበት፤ ወለሉ ላይ ያለው ደም ግን ትንሽ ነው። ልትነሣ ስትል የፓምፑን ትልቅ መዘውር ተደገፈች፤ መዳፏ ተጣብቆ ተላቀቀ። ግራጫ ቀለም።

እጇን እያየች ትንሽ ቆመች። በዚያ ዐየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳው ዝጓል፣ ቧንቧው ዝጓል፣ መሰላሉም ዝጓል። መዘውሩ ብቻ በወፍራሙ ተለቅልቆ ገና አልደረቀም። ቀለሙ ከነአቧራው ስለተቀባ ጎርበጥባጣ ነው፤ ጫፉም ላይ ተንጠባጥቧል። በጥፍሯ ትንሽ ፋቀችው። ከሥሩ የእሳት መሣሪያ የሚቀባበት አሮጌ ቀይ ቀለም ታየ፤ በቀዩ ቀለም ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ቀለም ያልሆነ ጠቆር ያለ ነገር ነበር።

 እጇን በመሐረብ ጠርጋ ወደ ላይ ወጣች።

ዬፍሬም ኩድላይን ያገኘችው ከላይኛው ወለል ላይ ገመድ ሲጠቀልል ነው። ፂማም፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሽማግሌ ነው። ዐይኑ ቀልቷል።

«ዬፍሬም ሳቪች፣ ከሹቢን ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ቀለም» አለ። «ቀለም ነዋ! ሌላ ምን አለ እዚህ? እሱ ፓምፑን ልፈታ ነው፣ ሰው ስጠኝ አለኝ። እኔ ደግሞ ካፒቴኑ ሰዎቹን በሙሉ ብሩሽ አስይዞብኛል። አንገቴን ያዘኝ። እኔም ያዝኩት። አሁን ይኸው ይቆጨኛል።»

«ፓምፑ አይሠራም?»

ኩድላይ ወደ ግራና ቀኝ አየ። «ታይሲያ ማርኮቭና፣ አንድ ባልዲ ውሃ አይገፋም። ባሕር ላይ እሳት ቢነሣ በመሐረባችን ነው የምናጠፋው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው ያለው። መርከበኛ ልጆቹ የሚተኙት ደግሞ ታች ነው፤ ጭሱ መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው።»

«ለካፒቴኑ አልተነገረም?»

«ሹቢን ሳይነግረው የዋለበት ቀን አለ? ትናንትማ ለእንግዶቹ ከተደረገው ግብዣ በኋላ ‹ነገ ለቻይናዎቹ አዛዥ እነግራቸዋለሁ፤ መርከቧ ከወደብ አትወጣም› ብሎ ፊቱ ላይ ነው የነገረው። እዚህ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«ይጠጣ ነበር?»

«ሹቢን?» አለ ኩድላይ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ሞከረ። «ሠርጌ ላይ እንኳ የፍራፍሬ ጭማቂ ጠጥቶ አሳፍሮኛል።»

«የቀለሙ መጋዘን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ግን ምን ዋጋ አለው? ጣሳው በየመተላለፊያው ተዘርግፎ ነው ያለው። ቀዩ አልመጣልንም፤ ያለው ግራጫና ነጭ ነው። ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው» አለች።

የቻይናዎቹ አገናኝ መኮንን ሌተናንት ቺዩ ሚንግዴ ከወደቡ ላይ፣ ከማርሽ ባንዱ ራቅ ብሎ ቆሟል። ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል። ሩሲያኛውን ከብዙዎቹ መኮንኖቻችን አሳምሮ ይናገራል፤ ይህን ማለት ግን ብዙ ማሞገስ አይደለም።

«ትናንት ከግብዣው በኋላ የት ነበሩ?» አለችው።

«ወደ መርከባችን ተመለስን። የፖለቲካ ኃላፊው ልያሊን እስከ በራችን ሸኙን። ሁላችንንም አቅፈው ሳሙን፤ ሁለት ሁለት ጊዜ።» መነጽሩን አስተካከለ። «አሁንም ትከሻዬን ያመኛል።»

«ሹቢንን ያውቁት ነበር?»

ቺዩ ወደ ማርሽ ባንዱ ዘወር ብሎ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የልምምዱ የመጀመሪያ ክፍል ይህች መርከብ እሳት ስታጠፋ የምታሳይበት ነው። ትናንት ግብዣው ላይ ጥግ ወስዶኝ ‹እውነተኛ እሳት ከተነሣ እኛን አትጠብቁ› አለኝ። እንግዳ ነኝ፤ ምን ልበል? የሰው ቤት ጣሪያ ያፈሳል ብሎ መጮህ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ዝም አልኩ። ዛሬ ዝም በማለቴ አዝናለሁ» አለ።

ታይሲያ ዐይኗን ጨፍና ሰማችው። ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣችው፤ ሆዷ ጮኸ። ቺዩ ደንግጦ ከኪሱ የወተት ከረሜላ አወጣና አቀበላት። አንዱን ስታነሣ ሁለተኛውን መዳፏ ውስጥ ጨመረላት።

«አንዱ ይበቃኛል።»

«አይሆንም፣ አይሆንም! አንድ ብቻ የሚሰጠው ለሐዘን ነው። እናቴ ብታየኝ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። እኛ ጋ ስጦታ ጥንድ ነው።»

«ለከረሜላም?»

«ለከረሜላ፣ ለሻይ፣ ለአረቄ፣ ለሁሉም።»

ታይሲያ ዐይኗን ገለጠች። «ትናንት አረቄ ለእነማን ሰጣችሁ?»

«ለአድሚራሉ፣ ለካፒቴኑና ለፖለቲካ ኃላፊው። አድሚራሉ የእሳቸውን ይዘው ወዲያው ወደ ቤታቸው ሄዱ።»

ሁለቱንም ከረሜላ በልታ ወደ ፖለቲካ ኃላፊው ክፍል ሄደች።

ሮዲዮን ልያሊን የመርከበኞችን ሞራል እንዲጠብቅ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ የማንንም ሞራል ጠብቆ አያውቅም፤ የራሱን ፀጉር ግን በሚገባ ይጠብቃል። መስተዋት ፊት ቆሞ ሲያበጥር ደረሰችበት። የሚገርመው ልብሱ ነው። ይህ ለመልኩ የሚሞት ሰው በዚህ ታላቅ ቀን አንገትጌው የወየበ፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው አሮጌ ነጭ ልብስ ለብሷል።

«አዲስ ልብስ አልተሰጠዎትም?» አለችው።

«አዲሱ ሥራ ላይ ነው» ብሎ ለብቻው ሳቀ። «ምን ልታዘዝ፣ ታይሲያ ማርኮቭና? ምስኪን ሹቢን! ልብ የሚሰብር ነው። የሐዘን ንግግሩን ጀምሬዋለሁ።»

«የቻይናዎቹን ስጦታ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

ልያሊን ሳያፍር አልጋው ሥር በእግሩ ገፋ አደረገ። ሁለት ባዶ ጠርሙሶች እየተንኳኩ ወጡ። «ትናንት ማታ ከመድፈኞቹ ጋር አወረድነው። አምስት ምስክር አለኝ፤ አምስቱም ዛሬ ራሳቸውን ያማቸዋል። ይኼ አረቄ አረቄ አይደለም እኮ! ነዳጅ ነው!»

«ሹቢን አብሯችሁ ነበር?»

«ማን? እሱ? እሱ ያለበት ቦታ ማን ይጠጣል? ውሃ ጠጪ!» ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነገሩ ገባው። ማበጠሪያውን አስቀመጠ። «ማለቴ... ለብቻው ይጠጣ እንደሆነ አላውቅም።»

ስቶጎቭ ክፍሉ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት ጠርሙስ ጉብ ብሏል። ታይሲያ ገና ሳትቀመጥ ስቶጎቭ ጠርሙሱን አንሥቶ አሳያት።

«አረቄ እየፈለጉ ነው አሉኝ። ይኸውልዎ የእኔ። ማኅተሙ አልተነካም። ቻይናዎቹ የሰጡኝ እንዳለ ይኸው ነው።»

«ያምራል» አለች ታይሲያ። «ይኸው ብቻ ነው?»

«ስንት ኖሯል? በርሜል ይሰጡኛል እንዴ?»

«ሹቢን ፓምፑን በሚመለከት ያስቸግርዎ ነበር ይባላል።»

«ሹቢን የማያስቸግርበት ነገር አለ? ዝገት ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። የመርከብ አዛዥ ግን ትልቁን ነገር ነው የሚያየው።»

«ትልቁ ነገር ምንድን ነው?»

«ልምምዱ ነዋ! ዓለም ያየናል። ከልምምዱ በኋላ ሞስኮ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ተመድቤያለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት በዝገት ውስጥ የኖርኩት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ሊያበላሽብኝ አይደለም።» ቁልፉ አንገቱ ላይ አልዘጋ ቢለው ተሳደበ።

«ልብሱ ጠብቦዎታል» አለች ታይሲያ በቅንነት።

«ወፍሬያለሁ» አለ ስቶጎቭ።

«በአንድ ሌሊት?»

ስቶጎቭ አያት። ታይሲያ ግን ዐይኗን ጨፍና ነበር። «ሁላችሁንም መኮንኖች ሳሎን እፈልጋችኋለሁ» ብላው ወጣች።

ጎርቺሊን ሳሎኑ ውስጥ የክብር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ስቶጎቭ ከቀኙ፣ ልያሊን ከግራው ናቸው። ኩድላይ ከበሩ አጠገብ፣ ሁለት የጥበቃ ወታደሮች መካከል ቆሟል፤ ካፒቴኑ ጥፋተኛ ካስፈለገ በእጅ ይሁን ብሎ አስቀድሞ አስይዞታል። ቺዩ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥግ ተቀምጧል። አዲሱ ነጭ ቀለም ከግድግዳው ላይ ያንጸባርቃል።

«ባጭሩ፣ ሻለቃ» አለ ጎርቺሊን። «አደጋ ነው ወይስ ይኼ ሽማግሌ ነው?»

«ሁለቱም አይደለም፣ ጓድ አድሚራል። ሹቢን ተገድሏል። ኩድላይ ግን አልገደለውም።»

 ስቶጎቭ አንገትጌውን በጣቱ ላላ አደረገ።

«በአረቄው ልጀምር» አለች ታይሲያ። «ሸሚዙ አረቄ ይሸታል፣ አፉ አይሸትም። ሰው አረቄን በሸሚዙ አይጠጣም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነው ያፈሰሰበት፤ ሰክሮ ወደቀ እንድንል። ወደቀ በተባለበት ቦታም ደም የለም ለማለት ይቻላል። ጭንቅላቱ የተሰበረው ሌላ ነገር ላይ ነው።»

«ምን ላይ?»

«ይህን ያሳየኝ ቀለሙ ነው። ከፓምፑ ክፍል ውስጥ አንድ መዘውር ትናንት ተቀብቷል። ኩድላይ፣ ሰዎችህ እዚያ ቀብተዋል?»

«ምን ሊሠሩ?» አለ ኩድላይ ግራ ገብቶት። «እንግዳ አይገባበትም እኮ!»

«እንግዳ አይገባበትም» አለች ታይሲያ ቃሉን ደግማ። «እዚህ መርከብ ላይ የእንግዳ ዐይን የማያርፍበት ነገር ለዓመታት ቀለም አይቶ አያውቅም። ታዲያ አንድ መዘውር ብቻ፣ በጉድጓድ ውስጥ፣ ማን አሳመረው? ለማሳመር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ፋቅ አድርጌ አየሁት፤ ከሥሩ ደም አለ። የሹቢን ጭንቅላት የተመታው እሱ ላይ ነው። ገዳዩ ሁላችሁም የምታደርጉትን አደረገ፤ የማይፈልገውን ነገር ቀባው። መርከቧ ሁሉ በተቀባችበት ሳምንት አንድ መዘውር ማን ያያል ብሎ።»

«ማጠብ አይቀልም ነበር?» አለ ልያሊን፤ ወዲያውም በመናገሩ የተጸጸተ መሰለ።

«ይቀል ነበር። ግን በምን ውሃ? የእሳት ማጥፊያው ክፍል ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ የለም። ሹቢን ስንት ጊዜ ጮኸበት! ገዳዩ ቧንቧውን ከፍቶ ሳይሞክር አልቀረም። ከዚያ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ ግራጫ ቀለም ይዞ ተመለሰ።»

ኩድላይ ሳያስበው ሳቀ፤ ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

«ኩድላይ ቢሆን በጠዋቱ ሬሳውን አግኝቶ ሰው አይጠራም ነበር» አለች። «ደግሞም ይህ ሰው ብረት ሳይጠርግ ቀለም የሚያስነካ አይደለም፤ ያን መዘውር ሲያይ የሚያመው ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ ግን አረቄው የለውም። አረቄ የተሰጠው ለሦስት ሰዎች ነው። አድሚራሉ ከግብዣው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ልያሊን የእሱን ሁለት ጠርሙስ ከመድፈኞች ጋር ጨርሷል። ካፒቴኑ ደግሞ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ አሳይተውኛል።»

«ያልተከፈተ!» አለ ስቶጎቭ ጣቱን ቀስሮ። «ልብ በሉ!»

«ልብ ብያለሁ። ሌተናንት ቺዩ፣ ለካፒቴኑ ስንት ጠርሙስ ሰጣችሁ?»

ቺዩ ተነሥቶ ቆመ። «ሁለት። በገዛ እጄ ነው ያቀበልኳቸው። ነጠላ ጠርሙስ ሰጥተን አናውቅም፤ ስድብ ነው።»

 ከውጭ ከበሮው ይሰማል።

«ቻይናዎቹን ስንት ቀን አቅፋችሁ ሳማችሁ» አለች ታይሲያ፤ «የሰጧችሁን ለምን እንደዚያ እንደሰጧችሁ የጠየቀ ግን የለም። ካፒቴን፣ ምንም ባያሳዩኝ ኖሮ ‹ለወዳጅ ሰጠሁት› ማለት ይችሉ ነበር። አንዱን አሳይተው ‹የሰጡኝ ይኸው ነው› አሉኝ። ሁለተኛው ጠርሙስ ታች ሹቢን አጠገብ ነው።»

«ይኼ ማስረጃ ነው?» ስቶጎቭ ወደ አድሚራሉ ዞረ። «ጓድ አድሚራል፣ ይህቺ ሴት በአረቄ ጠርሙስ...»

«ልብሱም አለ» አለች ታይሲያ። «ልያሊን፣ አዲሱ ነጭ ልብስዎ የት ነው?»

ልያሊን ካፒቴኑን አየ፣ አድሚራሉን አየ፣ በመጨረሻም ማን እንደሚያሸንፍ የገባው ሰው ፊት አሳየ። «ካፒቴኑ ለብሰውታል» አለ በፍጥነት። «ትናንት ማታ መጥተው ‹የእኔ ላይ ወይን ፈሰሰበት፣ አውሰኝ› አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? አለቃ ሲጠይቅ እሰጣለሁ! እንደጠበባቸው እያየሁ እንኳ ዝም አልኩ!»

«በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ እርጥብ መዘውር አጠገብ ያን የሚያህል ሆድ ይዞ የቆመ ሰው» አለች ታይሲያ፤ «ነጭ ልብሱን ማዳን አይችልም። የእርስዎ ልብስ ላይ ያለው ወይን ግራጫ ነው፣ ካፒቴን። ባሕር ውስጥ ጥለውት ከሆነ ጠላቂ እጠራለሁ፤ ውሃው ከወደቡ ሥር ጥልቅ አይደለም።»

ስቶጎቭ ሊነሣ ሲል ከደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ማንም አላነሣለትም። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ለአንድ ፓምፕ!» ብሎ ጮኸ። «ለአንድ የዛገ ፓምፕ ሕይወቴን ሊያበላሽ! ለቻይና ሊናገር! ባንዲራችንን ሊያዋርድ! ያዝ አደረግኩት፣ ገፋሁት፣ በቃ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጓድ አድሚራል፣ እርስዎስ አያውቁም ነበር? ሹቢን ለእርስዎም ነግሮዎታል!»

ጎርቺሊን ጣሪያውን አየ። ጣሪያው በሚገባ ተቀብቷል።

«ውሰዱት» አለ። የጥበቃ ወታደሮቹ ኩድላይን ለቀው ካፒቴኑን ያዙ። በሩ ሲዘጋ አድሚራሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። «የሚያሳዝን ነገር ነው። ሻለቃ፣ ጥሩ ሠርተሻል። ልያሊን፣ መርከቧን አንተ ትረከባለህ። በተባለው ሰዓት እንነሣለን።»

«ፓምፑስ?» አለች ታይሲያ።

«ፓምፑ የቴክኒክ ጉዳይ ነው።»

«ሰውየው የሞተው መርከቧ እንዳትወጣ ነው። ሁለት መቶ ሰው ጭነው...»

«ሻለቃ!» አለ ጎርቺሊን። «ገዳይ ፈልጊ ተባልሽ፣ አገኘሽ። ስለ ባሕር አትምከሪኝ። በፀደይ፣ በበጋ፣ በልምምድ፣ ስንት ጊዜ ወጥተናል። ተቃጥለናል?»

ኩድላይ ቡጢውን ጨበጠ። ታይሲያ ይህን ሰው በጥፊ ማለት አማራት፤ በሕይወቷ እንዲህ የናቀችው ሰው አልነበረም። ሕጉን በአእምሮዋ አገላበጠች። የፓምፑን ክፍል ማሸግ ትችላለች፤ መርከቧ ግን የታሸገ ክፍል ይዛም ትሄዳለች።

ያኔ ቺዩ ኮፍያውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጓድ አድሚራል፣ አዛዣችን በመኮንንዎ ሞት ጥልቅ ሐዘን ተሰምቷቸዋል። ከመነሣታችን በፊት ከመኮንኖቻቸው ጋር መጥተው፣ ሟቹ የወደቀበት ቦታ ወርደው አበባ ማኖር ይፈልጋሉ።»

ጎርቺሊን ደነገጠ። «የት? ታች?»

«ታች። ለክብሩም የሚወደው ፓምፕ ሲሠራ ማየት ይሻሉ። ልምምዱን የሚቀርጹት የዜና ካሜራዎችም አብረው ይወርዳሉ።»

 በአድሚራሉ ፊት ላይ ያ ጉድጓድ፣ ዝገቱ፣ ደረቁ ቧንቧ፣ ካሜራውም ተራ በተራ ሲያልፉ ይታያል። ሁለት መቶ ሰው ያላንቀሳቀሰውን አንጀት የእንግዳ ዐይን አገላበጠው።

«ለአዛዥዎ...» አለና ሰዓቱን አየ። «ለአዛዥዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ነገር ግን ‹ሶሽኒኮቭ› በልምምዱ አትሳተፍም። በሐዘን ምክንያት ወደብ ትቀራለች። ልያሊን! ፓምፑ እስኪሠራ የመርከቧ ገመድ ከወደቡ እንዳይፈታ። ሰማህ? ፓምፑ ዛሬውኑ ይፈታ፣ ይጠገን!»

«እኔ?» አለ ልያሊን።

«እኔ እፈታዋለሁ» አለ ኩድላይ ከበሩ። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፤ ሲሄድ ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም።

ወደቡ ላይ ታይሲያ ቺዩን ደረሰችበት።

«አዛዥዎ ስለ ሹቢን መሞት መቼ ሰሙ?»

ቺዩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ። «በጣም ማዘናቸው አይቀርም።»

እኩለ ቀን ላይ መርከቦቹ በማርሽ ታጅበው ወጡ። ታይሲያ ልታያቸው አልቆመችም። የሹቢን ሚስት ኪራ ከወደቡ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ትኖራለች። በሩን ስትከፍት ፊቷ ደረቅ ነበር። ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ ደውለው፣ ባልሽ ሰክሮ ወድቆ ሞተ ብለዋታል።

«ሰክሮ አልነበረም» አለቻት ታይሲያ። «አዛዡ ነው የገደለው። ታስሯል።»

«ሰክሮ እንዳልነበረማ አውቃለሁ» አለች ኪራ። ወንበር ሳበችላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ወደቡን የሚያሳየው መስኮት ከጀርባዋ ነው፤ አንዴም አልዞረችም። ለመጠየቅ የፈራችው ነገር እንዳለ ያስታውቅባታል። በመጨረሻ፣ «መርከቧስ?» አለች። «መርከበኛ ልጆቹን ይዛ ሄደች?»

«አልሄደችም። ፓምፑን እየፈቱት ነው።»

ኪራ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።